ከኪሎዋቱ በኋላ፦ የሚፈስ ፈሳሽን በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ መሣሪያ ለምትሠሩ

ወደ ዎርክሾፕ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ኪሎዋት ይበቃኛል?» ጥያቄው ክፋት የለውም፤ መልሱም ከጠቅላላው ሥራ ቀላሉ ነው። ችግሩ ብዙ ባለሙያ እዚያው ላይ ማቆሙ ነው። ኪሎዋቱን ያሰላል፣ መርካቶ ወርዶ የተገኘውን ሬዚስታንስ ይገዛል፣ በእጁ ካለው ቧንቧ ውስጥ ይገጥመዋል። ውኃው ይሞቃል፣ ደንበኛው ደስ ይለዋል፣ ሂሳብ ይዘጋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ስልክ ይደወላል፦ «ኧረ ያ ነገር ተቃጠለ!» ተቀይሮ የሚገባውም እንደ ፊተኛው ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ «የቻይና ዕቃ ነው» ተብሎ ይዘጋል። ዕቃው አንዳንዴ በእርግጥ ጥፋተኛ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የንድፉ ነው።

እዚህ የማነሳው ውኃን ወይም ዘይትን በጋን ሳያጠራቅም፣ በቧንቧ ሲያልፍ እግረ መንገዱን የሚያሞቀውን መሣሪያ ነው። የፀጉር ቤት መታጠቢያ፣ የጠርሙስ ማጠቢያ፣ የኑግ ዘይት ማጣሪያ፣ የወተት መሰብሰቢያ፣ ሁሉም ይፈልጉታል። ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ነገር ይህ ነው። በእንፋሎት ወይም በሙቅ ውኃ የሚሠራ ሙቀት መለዋወጫ የራሱ ጣሪያ አለው። የሚያሞቀው ውኃ 80 ዲግሪ ከሆነ፣ የሚሞቀው ፈሳሽ ምንም ቢሆን ከ80 አያልፍም። ፍሰቱ ቢቆም፣ ፓምፑ ቢበላሽ፣ ተረኛው እንቅልፍ ቢጥለው፣ እዚያው 80 ላይ ይቆማል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም። ሬዚስታንስ የሚያውቀው ዋት ብቻ ነው። 3,300 ዋት ሲገባበት 3,300 ዋት ሙቀት ያወጣል። ፈሳሹ ከወሰደለት ደኅና፤ ካልወሰደለት የራሱ ሙቀት ይወጣል፣ ይወጣል፣ አንድ ነገር እስኪበጠስ ድረስ። እንግዲህ የንድፉ ሥራ ሙቀት ማምረት አይደለም፤ የተመረተውን ሙቀት በየሰከንዱ የሚረከብ ፈሳሽ መኖሩን ማረጋገጥ ነው።

ሂሳቡን ቶሎ እንጨርሰው። አንድ ኪሎ ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.19 ኪሎጁል ይጠይቃል። ለዎርክሾፕ በሚመች መልኩ ሲገለበጥ፦ በደቂቃ አንድ ሊትር የሚፈስ ውኃን በአንድ ዲግሪ ከፍ ለማድረግ 70 ዋት ያስፈልጋል። ይህችን 70 በቃላችሁ ያዟት። ሁለት መታጠቢያ ያለው የፀጉር ቤት እንውሰድ። ሁለቱም ሲከፈቱ በደቂቃ 6 ሊትር ይፈሳል እንበል። ውኃው በ18 ዲግሪ ገብቶ በ42 እንዲወጣ ከተፈለገ ልዩነቱ 24 ነው። 70 በ6፣ ያም በ24 ሲባዛ 10,080 ዋት ይመጣል፤ 10 ኪሎዋት በሉት። የሚገባውን ውኃ ሙቀት ግን ከእኔ ቁጥር ሳይሆን ከቴርሞሜትር ውሰዱ። በክረምት ጠዋት፣ ጣሪያ ላይ ካደረ ሮቶ የሚወርደውን ውኃ ለኩ። እኩለ ቀን ላይ ለክቶ የነደፈ ሰው በሐምሌ ይሰደባል።

10 ኪሎዋት በሲንግል ፌዝ 220 ቮልት ላይ 46 አምፔር ገደማ ይስባል። ይህን የሚችል የመኖሪያ ቤት ቆጣሪና ገመድ ማግኘት ይከብዳል። በስሪ ፌዝ 380 ቮልት ግን በየፌዙ 15 አምፔር ብቻ ነው። ደንበኛው ያለው ሲንግል ፌዝ ብቻ ከሆነ ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት እውነቱን ንገሩት፦ ለእርሱ የሚሻለው ቦይለር ነው። 200 ሊትር ውኃን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 3 ኪሎዋት ሬዚስታንስ ሦስት ሰዓት ተኩል ቢፈጅበት ነው፤ ሌሊቱን ያሞቀዋል። መብራት ሲሄድም ቦይለሩ ሙቅ ውኃውን ይዞ ይቆያል። በፍሰት የሚያሞቅ መሣሪያ ግን መብራት በሄደ በሰከንዶች ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ማውጣት ይጀምራል። ፀጉሯ በሻምፖ የተሞላ ደንበኛ ወንበር ላይ እያለች ይህ ሲሆን ምን እንደሚመስል ማሰብ አያቅትም።

ቮልቴጁም በየሰዓቱ 220 አይሆንም። የሬዚስታንስ ኃይል ከቮልቴጁ ጋር በካሬ ይሄዳል፤ 220 የነበረው 190 ሲወርድ 10 ኪሎዋቱ 7.5 ይሆናል። ወደ 240 ሲወጣ ደግሞ 19 በመቶ ይጨምራል። አንዱ ደንበኛውን ያስቆጣል፣ ሌላው ሬዚስታንሱን ይጎዳል። በቂ ሙቀት መኖሩን በዝቅተኛው ቮልቴጅ፣ የሬዚስታንሱን ደኅንነት በከፍተኛው ቮልቴጅ ፈትሹ።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ሁለት ሬዚስታንሶች እኩል 3,300 ዋት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ አጭርና ቀጭን፣ ሌላው ረጅምና ወፍራም ከሆነ ግን ዕድሜያቸው ለየቅል ነው። መለኪያው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ ላይ የተጫነው ዋት ነው። ዋቱን ለሚሞቀው ክፍል የውጪ ገጽ ስፋት ታካፍላላችሁ። ለንጹሕና በደንብ ለሚንቀሳቀስ ውኃ 8 ዋት በካሬ ሴንቲ ሜትር የተለመደ ነው፤ ጨዋማና ኖራ የበዛበት ከሆነ ወደ 5 ማውረድ ይበጃል። ለምግብ ዘይት 2 ወይም ከዚያ በታች። በጣም ዝልግልግ ለሆነ ነገር 1። ሻጩ ይህን ቁጥር ላያውቀው ይችላል፤ ሜትር ይዛችሁ የሚሞቀውን ርዝመትና ውፍረቱን ለኩና ራሳችሁ አስሉት። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ በአንድ ሜትር 377 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ አለው። 8 ሚሊ ሜትር የሆነው 251 ብቻ።

ለፀጉር ቤታችን 10,000 ዋት ለ8 ሲካፈል 1,250 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ በ12 ሚሊ ሜትር ዘንግ 3.3 ሜትር፣ በ8 ሚሊ ሜትር ደግሞ 5 ሜትር ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ይደርሳል። የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው፦ የት ውስጥ እናስገባው?

በብዛት የሚታየው አሠራር እንዲህ ነው። ባለ 2 ኢንች ቧንቧ ይቆረጣል፣ ጫፉ ላይ ፍላንጅ ይበየዳል፣ በ8 ሚሊ ሜትር ዘንግ የተሠሩ ሦስት በዩ ቅርጽ የታጠፉ ሬዚስታንሶች ይገባሉ። ሲያዩት ያምራል፣ ለመፍታትም ይመቻል። ውስጡን ግን እናስላ። በቧንቧው ውስጥ ስድስት እግር ቆሞ ለውኃው የሚተርፈው መተላለፊያ 1,860 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በደቂቃ 6 ሊትር በዚህ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። የሬይኖልድስ ቁጥሩን ብታወጡት ወደ 1,600 ይመጣል። ከ2,300 በታች ሲሆን ውኃው ሳይታመስ፣ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየተንሸራተተ የሚያልፍበት ሁኔታ ነው፤ ሬዚስታንሱን የነካው ንጣፍ እዚያው ይሞቃል፣ መሀል ያለው ቀዝቃዛ ውኃ ሳይነካው ያልፋል። በ8 ዋት ጭነት የገጹ ሙቀት ከውኃው በመቶ ዲግሪና ከዚያም በላይ ለመብለጥ ይሞክራል፤ ውኃው እዚያው ገጹ ላይ ይፈላል ማለት ነው። ጆሯችሁን ቧንቧው ላይ ብታደርጉ ቺስ የሚል፣ አንዳንዴም የሚንቋቋ ድምፅ ትሰማላችሁ። የሚወጣው ውኃ 42 ዲግሪ ነው፤ ደንበኛው ምንም ቅሬታ የለውም።

በሌላ መንገድ እንሥራው። ቀጥ ያሉ፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው፣ እያንዳንዳቸው 1.1 ሜትር የሚሞቅ ክፍል ያላቸው ሦስት ዘንጎች። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ባለ ¾ ኢንች ስቴንለስ ቧንቧ ውስጥ፣ መሀል ለመሀል። ሦስቱ ቧንቧዎች ተከታትለው ይያያዛሉ፤ ውኃው አንዱን ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ይገባል። አሁን መተላለፊያው 230 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 43 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ የሬይኖልድስ ቁጥሩም ወደ 4,800 ይወጣል። ውኃው እየታመሰ ያልፋል። የገጹ ሙቀት ከውኃው የሚበልጠው በ30 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ መውጫው ላይ ዘንጉ 72 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ኃይሉ ያው 10 ኪሎዋት፣ የገጽ ጭነቱ ያው 8፣ ውኃውም ያው 6 ሊትር ነው። የተለወጠው ቧንቧው መጥበቡ ብቻ ነው። «ግፊቱን አይበላውም ወይ?» ለሚል፦ በ3.3 ሜትሩ ላይ የሚጠፋው ግፊት በስሌት 0.02 ባር እንኳ አይሞላም፤ ክርኖቹ ቢጨመሩበትም ከጣሪያ ሮቶ በሚመጣ ግፊት በደንብ ይሠራል። ሦስት መሆናቸውም ለስሪ ፌዝ የተመቸ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፌዝ አንድ 3.3 ኪሎዋት ዘንግ ይደርሰዋል።

ዘንጉን መሀል ላይ ለማቆም የሚያገለግሉ ትናንሽ የስቴንለስ ማስደገፊያዎች አስፈላጊ ናቸው። ካልተደገፈ ሲሞቅ ይለመጣል፣ የቧንቧውን ግድግዳ ይነካል፣ የነካበት ቦታ ላይ ውኃ አይደርስም። ከዚህ የባሰው ግን ጫፎቹ ላይ ያለው ነው። እያንዳንዱ ዘንግ ጫፉ ላይ የማይሞቅ ክፍል አለው፤ ከውጪ ሲታይ ግን ከሚሞቀው አይለይም። ውኃው በቲ በኩል በጎን ሲገባ፣ ከቲው በስተኋላ ያለችው ጠባብ ኪስ ውስጥ ያለው ውኃ አይንቀሳቀስም። የሚሞቀው ክፍል ወደዚያች ኪስ ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ ከገባ ሬዚስታንሱ የሚቃጠለው እዚያ ነው። የተቃጠለ ዘንግ ስታወጡ ጥቁሩ ወይም የተነፋው ቦታ የት እንዳለ ሳታዩ አትጣሉት። ጫፉ ላይ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ሲገዛ የማይሞቀው ክፍል ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ጠይቁ፤ ያ ካልተቻለ ዘንጉን በአየር ላይ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ለጥቂት ሰከንድ አሙቁትና ሙቀቱ ከየት እንደሚጀምር በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።

አቀማመጡ ውኃው ከታች ገብቶ ከላይ የሚወጣበት ይሁን። አየር ካለ ራሱ ይወጣል፤ ቧንቧ ሲዘጋም መሣሪያው ውኃውን ይዞ ይቀራል፣ ባዶ አይሆንም።

ፍሰት ሲቆም ምን እንደሚሆን ወደማየት እንሂድ፤ በጥንቃቄ ማሰብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በሦስቱ ጠባብ ቧንቧዎች ውስጥ ያለው ውኃ በጠቅላላ 0.76 ሊትር ነው። 10 ኪሎዋት በዚህች ውኃ ላይ ሲወርድ በየሰከንዱ ከ3 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። ከ42 ተነስታ 92 ላይ ለመድረስ 16 ሰከንድ ይበቃታል። 92 ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስላለች ክፍት ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ መቶን ጠብቆ የተነደፈ መከላከያ ዘግይቷል። ሮቶው 5 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠና መሣሪያው ከሥሩ በግፊት ላይ ካለ መፍያው ወደ 106 ይወጣል። ቧንቧው መግቢያው ላይ ብቻ የሚዘጋ፣ መውጫው ክፍት የሆነ ከሆነ ግን ያው 92 ነው። ጠባቡ ቧንቧ በሥራ ሰዓት ጠቅሞናል፤ ፍሰት ሲቆም ደግሞ ይቅርታ የለውም።

ስለዚህ ቴርሞስታት ብቻውን መከላከያ አይሆንም። በቧንቧ ላይ የታሠረ ተራ ቴርሞስታት ሙቀቱን እስኪሰማ ድረስ 16 ሰከንዱ ያልፋል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ፍሎ ስዊች ነው፦ ፍሰቱ ከተወሰነ መጠን፣ ለምሳሌ በደቂቃ ከ2.5 ሊትር ሲወርድ የኮንታክተሩን ኮይል የሚያቋርጥ። አንድ መታጠቢያ ብቻ ሲከፈት 3 ሊትር ስለሚፈስ ከዚያ በታች መሆን አለበት። ያ ማለት ደግሞ በ3 ሊትር ጊዜ 10 ኪሎዋት በሙሉ ከገባ ውኃው በ66 ይወጣል፤ ሰው ያቃጥላል። ኃይሉን እንደ ፍሰቱ የሚቀንስ መቆጣጠሪያ ግድ ነው። ሶሊድ ስቴት ሪሌይ ከፒአይዲ ጋር ጥሩ ይሠራል፤ ሴንሰሩ ከመጨረሻው ቧንቧ መውጫ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ውኃው ውስጥ ገብቶ ይቀመጥ፣ ከላይ በፕላስተር አይለጠፍ። ውኃው ከመግቢያ እስከ መውጫ ለመድረስ በ6 ሊትር ጊዜ 8 ሰከንድ ገደማ፣ በ3 ሊትር ጊዜ 15 ይወስድበታል፤ ፒአይዲውን ስታስተካክሉ ይህን መዘግየት አስቡበት፣ አለዚያ ውኃው አንዴ ይሞቃል አንዴ ይቀዘቅዛል።

ሶሊድ ስቴት ሪሌይን ግን እንደ መከላከያ አትቁጠሩት። ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ተዘግቶ ነው የሚቀረው፤ ማለትም እንደበራ። ከእርሱ በፊት ኮንታክተር ይኑር። የኮንታክተሩን ኮይል ፍሎ ስዊቹ፣ የሙቀት ጣሪያ መቁረጫው እና ማጥፊያው በተከታታይ ይያዙት። የሙቀት ጣሪያ መቁረጫው በእጅ ካልተመለሰ የማይነሳ ዓይነት ይሁን፤ ራሱን የሚመልስ ከሆነ ጥፋቱን ማንም ሳያውቅ በቀን መቶ ጊዜ ይቆርጣል፣ ይመልሳል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮንታክተሩ ፍሰት ሳይኖር እንዳይዘጋ በዚሁ መስመር ይጠበቃል። ሴፍቲ ቫልቭ ከመውጫው አጠገብ ይግባ፣ በእርሱና በመሣሪያው መካከል ምንም መዝጊያ አይኑር፤ መተንፈሻ ቧንቧው የሰው እጅና ፊት ወደማይገኝበት ወደ ታች ይውረድ። ሲያንጠባጥብ አየሁት ብሎ በቡሽ የሚደፍን ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል። አንጠብጣቢ ሴፍቲ ቫልቭ ይቀየራል እንጂ አይደፈንም።

ከኤሌክትሪኩ ወገን ብዙ ዕቃ የሚገድል አንድ ስሕተት አለ። 220 ቮልት የተጻፈበት ሬዚስታንስ በስሪ ፌዝ ላይ የሚታሠረው በስታር ነው። በዴልታ ከታሠረ እያንዳንዱ 380 ያገኛል፣ ኃይሉም ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ 8 የነበረው የገጽ ጭነት 24 ይሆናል። ከማብራታችሁ በፊት በመልቲሜትር ለኩ፦ 3.3 ኪሎዋት፣ 220 ቮልት የሆነ ዘንግ 14.5 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። የዘንጉ ልባስ፣ ቧንቧዎቹና ላሜራው ሳጥን ሁሉ ከመሬት ገመድ ጋር ይያያዙ፤ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ ሊኬጅ ብሬከር ይግባ። ውኃና ሰው በአንድ ላይ ባሉበት ቦታ በዚህ ላይ ድርድር የለም። አዲስ ዘንግ ሲገጠም ሊኬጅ ብሬከሩ ወዲያው ቢቆርጥ ወዲያው ብሬከሩን አትውቀሱ። በዘንጉ ውስጥ ሽቦውን ከልባሱ የሚለየው የማግኒዥየም ኦክሳይድ ዱቄት እርጥበት ይስባል፤ መጋዘን የከረመ ከሆነ ይህ ያጋጥማል። በሜገር 500 ቮልት ለኩት፤ ከአንድ ሜጋኦም በታች ከሆነ በምድጃ ወይም በሙቅ አየር አድርቃችሁ ደግማችሁ ለኩ። ብሬከሩን አውጥቶ መሥራት መፍትሔ አይደለም። ሌላም የአገራችን ነገር አለ፦ የተለመዱት ኮንታክተሮችና ብሬከሮች ላይ የተጻፈው አምፔር እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዙ ይቀንሳል። ለ15 አምፔር 16 የተጻፈበት አትግዙ፤ 25 ይሁን።

ከውኃው ማዕድን ዘንጉ ላይ የሚጋገረውን ቅርፊት ሳላነሳ አላልፍም። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውኃ ከአቃቂ ጉድጓዶች ይልቅ ማዕድን ያነሰበት ነው፤ ድሬዳዋ የሠራ ባለሙያ ደግሞ ነጩን ቅርፊት ከእኔ በላይ ያውቀዋል። በሙቅ ውኃ በሚሠራ መለዋወጫ ላይ ቅርፊት ሲጋገር የሚወጣው ውኃ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፣ ደንበኛው ያያል፣ ይጠራችኋል። በኤሌክትሪክ ግን ምንም አይታይም። ዋቱ ያው ነው፣ ውኃውም በ42 መውጣቱን ይቀጥላል። ሙቀቱ በቅርፊቱ በኩል እንዲያልፍ የሚገደደው ዘንጉ ራሱ ይበልጥ በመሞቅ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ቅርፊት በ8 ዋት ጭነት ላይ እንደ ዓይነቱ ከ40 እስከ 80 ዲግሪ በዘንጉ ላይ ይጨምራል። ሞቅ ባለ ገጽ ላይ ቅርፊት ይበልጥ ይጋገራል። ስለዚህ ነው ማሞቂያው እስከሚቃጠልበት ቀን ድረስ «ደህና» የሚመስለው።

ይህን አስቀድሞ ለማየት ርካሽ መንገድ አለ። ቴርሞካፕል በመጨረሻው ዘንግ ልባስ ላይ፣ ከመውጫው አቅራቢያ አጣብቃችሁ ሽቦውን አውጡት። አዲስ ሳለ በሙሉ ኃይል የዘንጉ ሙቀት ከውኃው በ30 ይበልጥ ከነበረና አሁን በ60 ከበለጠ፣ የማጠቢያው ጊዜ ደርሷል። ለማጠብ ሲትሪክ አሲድ በሙቅ ውኃ አሟሙታችሁ በትንሽ ፓምፕ አዙሩት። ስቴንለስን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አትንኩ፤ ክሎራይዱ ትናንሽ ጉድጓድ ይበሳበታል። በረኪናም እንደዚሁ። በረኪናና አሲድ ደግሞ በምንም ምክንያት አይገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ወደ ዘይት ስንመጣ ቁጥሮቹ ይገለበጣሉ። አንድ የኑግ ዘይት ቤት ዘይቱን ከማጣሪያ በፊት ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ማሞቅ ይፈልጋል፤ ሞቅ ሲል ዝልግልግነቱ ስለሚቀንስ ማጣሪያው ቶሎ ያሳልፈዋል። በሰዓት 300 ሊትር፣ ማለትም በደቂቃ 5 ሊትር። ዘይት በኪሎ የሚፈልገው ሙቀት ከውኃ ግማሽ ያህል ነው፣ ክብደቱም ያንሳል፤ ስለዚህ 6.1 ኪሎዋት ይበቃል። ደንበኛው ይደሰታል፣ ከፀጉር ቤቱ በእጅጉ ያነሰ ነው። ነገር ግን የገጽ ጭነቱ 2 ስለሆነ 3,050 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ ይፈለጋል፤ በ12 ሚሊ ሜትር ዘንግ ከ8 ሜትር በላይ። ኃይሉ አንሶ ብረቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ምክንያቱም የቀዝቃዛ የምግብ ዘይት ዝልግልግነት ከውኃ ከ50 እጥፍ በላይ ነው፣ ሙቀት የማሳለፍ ችሎታውም የውኃን ሲሶ አይሞላም። ቧንቧ በማጥበብ እንዲታመስ ማድረግ አይቻልም፤ ፓምፑ ይለፋል እንጂ ዘይቱ ንጣፍ በንጣፍ መሄዱን አይተውም። ያለው መንገድ ገጹን ማብዛት ብቻ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ውኃ ሲፈላ ይጮሃል፤ ዘይት ዝም ብሎ ያርራል። ዘንጉ ላይ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ንጣፍ ይሠራል፣ እርሱም እንደ ቅርፊቱ ዘንጉን ያግላል፣ ዘይቱም የማረር ሽታ ይይዛል። ሽታውን የሚያገኘው ወጥ የምትሠራው ሴት ናት እንጂ ዘይት ቤቱ አይደለም። ፓምፑና ማሞቂያው እርስ በርስ ይተሳሰሩ፤ ማሞቂያው ከጠፋ በኋላ ፓምፑ ለጥቂት ደቂቃ መሥራቱን ይቀጥል።

ለወተት ግን ሬዚስታንስን በቀጥታ አትጠቀሙ። የወተት ፕሮቲን ከ65-70 ዲግሪ በላይ በሆነ ገጽ ላይ መጋገር ይጀምራል፤ ወተቱን በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ለማቆየት የሚፈልግ ቤት ደግሞ ከዚያ በላይ የሞቀ ዘንግ ሳያስገባ አይሆንለትም። መፍትሔው በኤሌክትሪክ ውኃ ማሞቅ፣ በውኃው ደግሞ ወተቱን በፕሌት መለዋወጫ ማሞቅ ነው። ውኃው ከወተቱ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ይዞራል። ዋጋው ይጨምራል፤ ግን ያ ያጣነው ጣሪያ ይመለሳል፣ ፓምፕ ቢቆምም ወተቱ ከውኃው በላይ አይሞቅም። ለዘይት ቤቱም አቅም ካለው ይህንኑ እመክራለሁ።

ለደንበኛው ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ፈተና አድርጉ፤ እርሱ ባለበት። መሣሪያው በሙሉ ኃይል እየሠራ ሳለ መውጫውን በአንዴ ዝጉት። ኮንታክተሩ ወዲያው ሲለቅ መሰማት አለበት። ከዚያ ፍሎ ስዊቹን በሽቦ አሳልፋችሁ፣ ኃይሉን እንዳይቀንስም ፒአይዲውን ከመቁረጫው ዲግሪ በላይ አድርጋችሁ፣ እጃችሁን ከማጥፊያው ሳትለዩ፣ ፍሰቱን ቀስ በቀስ እየቀነሳችሁ የሙቀት ጣሪያ መቁረጫው በተባለው ዲግሪ መቁረጡን እዩ። ሽቦውን መልሳችሁ ማውጣታችሁን፣ ፒአይዲውንም ወደ ቦታው መመለሳችሁን ሁለታችሁም አረጋግጡ። መጨረሻ ላይ የየዘንጉን ኦም፣ የሜገሩን ንባብ፣ የየፌዙን አምፔር፣ በሙሉ ኃይል የዘንጉና የውኃው ሙቀት ልዩነት ስንት እንደነበረ ከቀኑ ጋር ጽፋችሁ በሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉ። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ባለሙያ፣ እናንተም ሆናችሁ ሌላ ሰው፣ የሚያነጻጽረው ከዚያ ነው።